ቆሜ የዘመርኩት ምስጋና

የዚያን ቀን ቤቴ የነበሩት እነዚህ ናቸው። የንስሐ አባቴ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ የሚያማቸውን እግር ዱካ ላይ ዘርግተው። ከእሳቸው ቀጥለው የጽዋ ማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢያችን፣ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ። አንዲት እማሆይ፣ ጆሯቸው በደንብ የማይሰማ። ከጎጃም ተመድባ የመጣች መምህርት። ባሏ እዚህ ካምፕ የተመደበ የወታደር ሚስት፣ የሚቀጥለው ወር ተረኛ። ከሰንበት ትምህርት ቤት መጥታ ከበሮ የምትመታልን ልጅ። ታናሿ ልጄ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ የዳቦውን ትሪ ይዛ በሩ አጠገብ የቆመች። እና እኔ። ስምንት ነበርን። ብዙ ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ። ወሬው ከቤቴ በማን አፍ እንደወጣ ለማወቅ ነበር መጀመሪያ የምቆጥረው። በኋላ ተውኩት፤ ከማንም አፍ በፊት ከእኔ አፍ ነው የወጣው።

ይህን የምጽፈው በዘንድሮው የትንሣኤ ሰሞን ሰንበት ትምህርት ቤቱ ጠርቶኝ ስለነበር ነው። የመዝሙር ጉባኤ ነበራቸው። ወንበር አቀረቡልኝ፣ ማይክራፎን ሰጡኝ፣ ከዚያ አንዷ ወጣት ከወረቀት ላይ አንብባ "እናታችን፣ ይህን የምስጋና መዝሙር እንዲደርሱ ያነሣሣዎት ምንድን ነው?" አለችኝ። "የእመቤታችን ቸርነት ነው" አልኩና ማይክራፎኑን መለስኩላት። እልል አሉ። ውሸት አልተናገርኩም፤ እውነቱን ግን አልጨረስኩም። ትምህርት ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት ስቀርብ ቃል ይጠፋብኛል። ጽሑፍ ግን እንደ ስፌት ሆኖ አገኘሁት። የተጣመመውን ፈትቶ እንደገና መስፋት ይቻላል። ፊደሉን ታናሿ ልጄ አርማልኛለች።

የምተዳደረው በስፌት ነው። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ አንድ ሽማግሌ ሰፊ አሉ። እሳቸው ይቆርጣሉ፤ እኔ የተቆረጠውን በፌስታል ተሸክሜ ከሐኪም ጋራ ግርጌ ወዳለው ቤቴ እወስድና ጫፉን እቀመቅማለሁ፣ ጥለቱን እለጥፋለሁ። አብዛኛው የመዝሙር ልብስ ነው። ልክ ለመውሰድ ሰንበት ትምህርት ቤት ስሄድ ልጆቹ ጥናት ላይ ይሆናሉ፤ እነሱ እየዘመሩ ትከሻቸውን እለካለሁ። ጆሮዬ የያዘው ዜማ ቤት ድረስ ይከተለኛል። መኪናዬ የእግር ስለሆነ ፔዳሉን ስረግጥ ዜማው አብሮ ይሄዳል፤ አንዳንድ ቀን የእነሱን ቃል ይዤ ጀምሬ የራሴን ቃል ይዤ እጨርሳለሁ። በልክ መጻፊያው ደብተር በፊት ለፊቱ ደረትና ቁመት፣ በጀርባው ስንኝ እጽፋለሁ። ከዚህኛው በፊት ለሕፃናት ሁለት አጫጭር መዝሙሮች ተቀብለውልኝ ነበር። መዝሙር ዝም ብሎ አይዘመርም፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር አይተው፣ ከእምነት የወጣ ቃል እንደሌለው መርምረው ነው የሚያሳልፉት። ከአንዱ ላይ ሁለት መስመር ሰርዘውብኝ "እዚህ ላይ እናት ሆነሽ ተናገርሽ፣ እዚህ ላይ መዘምር ሁኚ" ብለውኛል። ልክ ነበሩ።

ጠንቃቃ ሴት ነኝ። ልጆቼም ጎረቤቶቼም ይስቁብኛል። የከሰል ካውያዬን እሳት አውጥቼ፣ ውሃ ደፍቼበት፣ ከቤት ወጥቼ እንደገና ተመልሼ አየዋለሁ። የውሃ ፈረቃችን ሳይደርስ ጀሪካኖቹን አሰልፋለሁ። ትልቋ ልጄ "እማ፣ አንቺ'ኮ ያልመጣ ጎርፍ ሲወስድሽ ነው የምትውይው" ትለኝ ነበር። እሷ ግን የመጣውንም ጎርፍ የማትፈራ ነበረች።

ስለ እሷ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ መዝሙሩ ከዚያ ነው የመጣው። ትንሽ ሆና፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ አንድ ቀን ከስፌቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ቆየችና "እማ፣ ስለ ጫማው እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችኝ።

"የምን ጫማ?"

"የምትገዢልኝ።"

"ማን ገዝቼ እሰጥሻለሁ አለሽ?"

"አመሰገንኩሽ'ኮ" አለች፣ ነገሩ ያለቀ ይመስል። ምን ላድርግ? ምስጋና ተቀብዬ እንዴት እከለክላለሁ? ጫማው ተገዛ። ከዚያ ወዲያ ጠባይዋ ሆነ። ያልፈቀድኩትን አመስግና ታስፈቅደኛለች። የትምህርት ቤት ጉዞም፣ ጸጉር መሠራትም፣ ሰርግ ማምሸትም እንደዚያው። እኔም እያወቅሁ እሸነፍላት ነበር።

አብራት ያደገች አንዲት ጓደኛ ነበረቻት። የልጅቱ እናት ኤረር በር ስኳር ድንች የምትሸጥ የሙስሊም ሴት ናት። እኛ እናቶቹ የተዋወቅነው በልጆቹ ነው፤ ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጡት። ያቺም ልጅ የልጄን ብልሃት ለመደችና ቤቷ ገብታ ለእናቷ "ሹክረን" ማለት ጀመረች። እናትየው አንድ ቀን ደጄ ላይ ብቅ አለችና "ሴትዮ፣ ልጅሽ ልጄን አበላሸቻት! ጠዋት ‹ሹክረን› አለችኝ፤ ‹ምን ሰጠሁሽ?› ስላት ‹ሻሽ› አለችኝ። ወላሂ፣ ሻሽ የሚባል ነገር ቤቴ የለም!" አለችኝ። የዚያን ቀን ሁለታችንም ስቀን ስቀን ወገባችንን ያዝን። ሻሹንም ገዛችላት።

ካቻምና መስከረም ላይ ትልቋ ልጄ ድሬዳዋ የሰርግ ልብስ ቤት ውስጥ ለአንድ ሳምንት ሥራ አግኝተናል፣ ከጓደኛዬ ጋር ነው የምሄደው አለች። ሸዋ በር ድረስ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ሳመችኝና "እማ፣ ስለፈቀድሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችኝ። የድሬዳዋውን መስሎኝ "አሜን፣ ሹራብሽን ልበሺ" አልኳት።

በዘጠነኛው ቀን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ከኋላዋ ነፋስ ይሰማል። "እማ፣ ድሬዳዋ አይደለንም። በጅግጅጋ ወጥተን ባሕሩ ዳር ደርሰናል። ሁለታችንም ደህና ነን። አረብ አገር ስንሻገር እደውላለሁ፤ እንዳትጨነቂ" አለችኝ። አንድ ቃል ሳልመልስ ተቋረጠ። ያንን ቁጥር ስንት ጊዜ እንደደወልኩት አላውቅም። መጀመሪያ ይጠራ ነበር፣ በኋላ መጥራቱንም ተወ። ሸዋ በር ላይ ያመሰገነችኝ ለባሕሩ ነበር። ምን እንደፈቀድኩ ሳላውቅ አሜን አልኩ።

በዚያው ሳምንት ኤረር በሯ ሴት እና እኔ ቃል ተገባባን። ወሬ ቀድማ የሰማች በእግሯ ትመጣለች፤ በስልክ አይሆንም፣ በሰው መላክ አይሆንም። ክፉም ቢሆን በጎም ቢሆን በእግር። ጭቃም ቢሆን፣ ሥራም ቢኖር። እሷ በቁርዓን ማለች፤ እኔ መማል ስለማይፈቀድልኝ እጇን ይዤ ቃሌን ሰጠኋት።

ከዚያ ወሩ መቆጠር ጀመረ። ሱባኤ ገባሁ፣ ተሳልኩ፣ በየወሩ በማኅበራችን ላይ ተቀምጬ ለመንኩ። በእኛ የጽዋ ማኅበር አንድ ልማድ አለ፤ ሌላ ቦታ ይኑር አይኑር አላውቅም፣ አባቶቻችን ከሸዋ ይዘውት እንደመጡ ነው ሲባል የሰማሁት። ጽዋው ከዞረ በኋላ ልመና ያለው ሰው ተቀምጦ ይናገራል፤ ሌሎቻችን አሜን እንላለን። ስለቱ የደረሰለት ግን ይቆማል። ቆሞ የሆነለትን ይናገራል ወይም ያዜማል፤ እልልታው ለእሱ ነው። ስለዚህ ሰው ከመቀመጫው ሲነሣ ለምን እንደተነሣ አይጠየቅም። መቆሙ በቂ ነው።

እኔ አሥር ወር ተቀምጬ ለመንኩ። አሥር ጊዜ አንድ ዓይነት ቃል። አሜን የሚሉት ሰዎች ድምፅ እንኳ እየላላ ሲሄድ ይሰማኝ ነበር፤ አልፈርድባቸውም፣ የእኔም ድምፅ ላልቶ ነበር። ከእመቤታችን አልተጣላሁም። ደከመኝ እንጂ። የልመና ድካም እንደ ሌላ ድካም አይደለም፤ ተኝተሽ ስትነሺ እዚያው ይጠብቅሻል።

ሐምሌ ላይ ለአዲስ ዓመት የሚደርስ ሃያ አራት የመዝሙር ልብስ ይዤ ነበር። አንድ ከሰዓት ካውያ እያሞቅሁ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየመታ፣ ከምንም ተነሥቶ የልጄ የጫማው ነገር መጣብኝ። "አመሰገንኩሽ'ኮ" ያለችው። እኔ እናት ሆኜ ምስጋና ተቀብዬ መከልከል ካቃተኝ፣ እመቤታችን ይልቁን እናት አይደለችም ወይ? አሥር ወር ለመንኩ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ልጄ በኔ እንዳደረገችው ላድርግ አልኩ። መነሻው ይኸው ነው። ሕልም አላየሁም፣ ድምፅ አልሰማሁም። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ጫማ ለማግኘት ያወጣችው ብልሃት ነው። ካውያውን አስቀምጬ የልክ ደብተሩን ገለበጥኩ።

በሩን ከፈትሽልኝ ሳላንኳኳ ገና፣
ከባሕር ማዶ ላይ ድምጿን ሰማሁና።
እንግዲህ ልቀመጥ መርፌዬን አኑሬ፣
የተተረተረው ተሰፋልኝ ዛሬ።

እስክጽፈው ድረስ አላለቀስኩም ነበር። ከዚያ ተነሥቼ ካውያውን ሳየው የአንዱን ልብስ እጅጌ ጫፍ አቃጥዬዋለሁ። እንደዚያ ያለ ስህተት በስንት ዓመቴ ሠርቼ አላውቅም። እጅጌውን አሳጥሬ ለትንሿ ዘማሪ አደረግሁት።

ሐምሌ ሃያ አንድ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ከበሮ የምትመታው ልጅ ቀደም ብላ መጥታ ስለነበር መዝሙሩን አሰማኋት። ተቀምጬ ጀመርኩት፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ የጎበጠ ወገብ ተቀምጦ ዜማ አያወጣም።

"እትዬ፣ ይቁሙ፤ ደረትዎ ይከፈት" አለችኝ።

ልጅ ናት፣ ማኅበራችን የመጣችው ለሁለተኛ ጊዜዋ ነው፤ ልማዱን አታውቅም። እኔ ግን አውቅ ነበር። አውቃለሁ ብዬ እየተናዘዝኩ ነው። ጸሎቱ አለቀ፣ ጽዋው ዞረ፣ ሙሴው "የሚናገር አለ?" አሉ። እኔ ቆምኩ።

ስቆም ነው ነገሩ የተለወጠው። ገና አፌን ሳልከፍት መምህርቷ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ዘመርኩ። ከበሮው ገባ። "ከባሕር ማዶ ላይ ድምጿን ሰማሁና" ስል የወታደሩ ሚስት ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ያቺ ሴት ደግሞ እልል ስትል ጋራው ይሰማታል። ሙሴው ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ጨርሼ ልናገር ነበር። "ገና ነው፣ አስቀድሜ ማመስገኔ ነው" ልል ነበር። አፌ ላይ ነበር። ነገር ግን እልልታው በጣም አማረኝ። አሥር ወር ሙሉ ላልቶ የነበረው አሜን በአንዴ ቤቱን ሞላው፤ እኔም ለዚያች ለትንሽ ጊዜ ደውላልኛለች ብዬ አመንኩ።

የወታደሩ ሚስት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "አንቺዬ! መቼ ደወለች?"

"እመቤታችን ታውቃለች" አልኳት።

"ምን አለች? ምን አለች?" አሉ እማሆይ፣ እጃቸውን ከጆሯቸው አድርገው።

"ልጅቷ ተገኘች!" ብላ ጮኸችላቸው።

"ልጅ ወለደች?"

"ኧረ ተገኘች፣ እማሆይ! ተ-ገ-ኘች!"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በር ላይ ያለችው ልጄ ብቻ ትሪውን እንደያዘች ቀረች። እንግዶቹ ሲወጡ ዳቦውን እንኳ ለሁሉ አላዳረሰችም ነበር። ብቻችንን ስንቀር "እማ፣ ደውላልሻለች?" አለችኝ።

"አልደወለችም።"

"ታዲያ ለምን ቆምሽ?"

"ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።"

"እኔም'ኮ አመንኩሽ" አለችኝ። ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እህቷ አንድ ነገር ስነግራት ፊቴን ካየች በኋላ ነው የምትሰማኝ።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ልወጣ ስል በሩ ተንኳኳ። ኤረር በሯ ሴት ናት። የላስቲክ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ፣ ሽርጧ ርሶ ከእግሯ ጋር ተጣብቋል። በእግሯ ነው የመጣችው። ባጃጅ አልተሳፈረችም።

"አልሐምዱሊላህ በይኝ" አለች፣ ሳትገባ።

"ግቢ፣ ዝናብ ነው፣ ተቀመጪ።"

"አልቀመጥም። የባጃጁ ሰው ነው የነገረኝ። የዚያች ሰፊዋ ልጅ ደወለች፣ ትናንት እልልታው እስከ ታች ይሰማ ነበር አለኝ። ውሸት ነው አልኩት። እሷ ሰምታ ቢሆን ቀድማ በእግሯ ትመጣ ነበር አልኩት፤ ቃል አለን አልኩት። ሳትመጪ ቀረሽ። ሳትመጪ ስትቀሪ..." ትንፋሿን ሰበሰበች። "የኔዋ ሞታ ነው አይደል? የራስሽን አግኝተሽ የኔዋን መንገር አቅቶሽ ነው አይደል የቀረሽው?"

በሕይወቴ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ። ካውያ፣ ጎርፍ፣ ባሕር። ይህን ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

"ማንም አልደወለም" አልኳት። "የኔም አልደወለችም። የአንቺም አልሞተችም። ምንም የሰማሁት የለም። መዝሙር ነው።"

"ምን?"

"መዝሙር ደርሼ ነው። ደወለች የሚል መዝሙር።"

ያኔ ተቀመጠች። የተቀመጠችው ነጫጭ የመዝሙር ልብሶቼ ክምር ላይ ነው፣ ከነጭቃዋ።

"ዘፈን ነው ትይኛለሽ" አለች።

"መዝሙር።"

"ለኔ አንድ ነው! ከኤረር በር እዚህ ድረስ ስሮጥ ልጄን ስንት ጊዜ እንደቀበርኳት ታውቂያለሽ? ስኳር ድንቴን ሜዳ ላይ ጥዬ!"

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም!" ጮኸችብኝ። ከዚያ ድምጿ ወረደ። "ያ አላህ። ሰው ሳይሰጠው ያመሰግናል? ማነው እንዲህ ያለውን ያስተማረሽ?"

"ልጄ" አልኳት። "የጫማው። የሻሹ።"

ቀና ብላ አየችኝ። አፏ ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ እሱም የቸገረው ይመስል ነበር። "ሹክረን" አለች፣ ልጇ እንደምትለው በቀጭን ድምፅ። "የሄደች ቀን ጠዋት እኔንም ‹ሹክረን› ብላኛለች። ‹ደግሞ ምን ልትወስጂብኝ ነው?› ስላት ሳቀችና ወጣች። ለማንም አልተናገርኩም። ለአንቺም።"

እኔም የሸዋ በሩን ነገርኳት። አሥር ወር አንዳችን ለሌላችን ሳንናገረው ኖረን ነበር፤ ሁለታችንም ያፈርነው በአንድ ነገር ነው።

ትንሽ ቆይታ "በይ እስቲ አሰሚኝ" አለች። "ያንን ያሮጠኝን ዘፈን።"

"መዝሙር።"

"መዝሙሩን፣ ወላሂ አትለቂኝም!"

ከፊቷ ተቀምጬ ዘመርኩላት፣ ዝቅ አድርጌ። ትንፋሽ እየቆረጠኝም ጨረስኩት። እጅጌዬን ይዛ ሰማችኝ። ሲያልቅ "የኔዋ የታለች?" አለች። "አብረው ሄደው አንቺ የራስሽን ብቻ ታመጫለሽ? መርየምን እኛም እናከብራታለን። አንድ ቦታ ፈልጊላት።" ደብተሩን አውጥቼ እዚያው አስተካከልኩት። "ከባሕር ማዶ ላይ ድምፃቸው መጣና" አልኩት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝና "አሁን ይሁን" አለች። ልትወጣ ስትል ግን በሩ ላይ ቆመች። "እኔ ግን ሳላይ አላመሰግንም። አንቺ አመስግኚ፣ እኔ ልለምን። የአንዳችን ይሰማ ይሆናል።"

የጨቀዩትን ልብሶች በዚያ በተረፈችኝ ውሃ አጠብኳቸው። ሦስት ናቸው። የአንደኛው ጭቃ በደንብ አልለቀቀም።

በዚያው ቀን ከሰዓት ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። "አባ፣ ይፍቱኝ፣ ዋሽቻለሁ። በመዝሙር ዋሽቻለሁ" አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። እግራቸውን እያሹ ሰሙኝና "በመዝሙሩ አልዋሸሽም" አሉኝ። "በመዝሙሩ ለምነሻል፤ እመቤታችን ልመናን በየትኛው ልብስ ቢመጣ ታውቀዋለች። የዋሸሽው ከመዝሙሩ በኋላ ነው። ‹መቼ ደወለች?› ስትልሽ ዝም ማለት ትችይ ነበር። ደግሞም ስትቆሚ።"

"ተቀምጬ ትንፋሽ አጠረኝ፣ አባ።"

"ትንፋሽሽ አጥሮ ይዘመር ነበር" አሉኝ፣ ሳይቆጡ። ስግደት ሰጡኝ፤ ወገቤን ስለሚያውቁ ቀነሱልኝ። ከዚያ በሚቀጥለው ወር በማኅበሩ ፊት ራሴ፣ በራሴ አፍ፣ ተቀምጬ እንድናገር አዘዙኝ።

ነሐሴ ሃያ አንድ የወታደሩ ሚስት ቤት ተቀምጬ ተናገርኩ። ማንም አልተቆጣኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። የወታደሩ ሚስት "እኔ ነኝ የጮኽኩት፣ እኔ ነኝ ያሰማሁት" እያለች ስታለቅስ እኔ እሷን ማባበል ጀመርኩ። እማሆይ ሲነገራቸው "መጀመሪያውንም አልሰማሁም ነበር፣ ደስ ያላችሁ ስለመሰለኝ ነው የሳቅሁት" አሉ። ሙሴው ጉሮሯቸውን ጠርገው "እንግዲያ መዝሙሩ ይቅር" አሉ።

ከበሮ የምትመታው ልጅ አንገቷን ደፋች። "አይቀርም፣ ጋሼ" አለች። "ያን ቀን በስልኬ ቀድቼው ነበር። እትዬ በኋላ አንዱን ቃል አስተካክለው ሰጡኝ፣ ለመምህራችን አሳየሁ፣ አልፏል። ሕፃናቱ ሸምድደውታል። ለእንቁጣጣሽ ተመድቧል።"

መምህርቷ ነበረች የፈረደችው። "ይዘመር" አለች። "እኛ ግን ስንሰማው በልባችን እንቀመጥ።" እንደዚያ ሆነ።

አሁን መዝሙሩ ከእኔ እጅ ወጥቷል። ደስታ ያለበት ቦታ ሁሉ ይዘመራል። በተለይ ልጅ ከአረብ አገር የተመለሰላቸው ቤተሰቦች የሰንበት ትምህርት ቤቱን ልጆች ጠርተው ያዘምሩታል። እኔ የሰፋሁትን ልብስ ለብሰው፣ እኔ የደረስኩትን ቆመው ይዘምሩታል። እናቶቹ መጥተው እጄን ይስማሉ፤ "የኛን ሐሳብ እንዴት አወቅሽው? መቼስ አንቺም የደረሰልሽ ነሽ" ይሉኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ አስረዳ ነበር። አሁን ያደክመኛል። "እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ አልፋለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ለታናሿ ልጄ "ዛሬም አልነገርኳቸውም" እላታለሁ። ያልተናገርኩት በእሷ ፊት ውሸት ሆኖ እንዳይጠራቀምብኝ ነው።

ኤረር በሯ ሴት በየሳምንቱ አርብ ከሶላት በኋላ ትመጣለች። ወሬ እንደሌላት ስለማውቅ ስትገባ አልደነግጥም፤ እሷም እኔ ስሄድባት አትደነግጥም። ስኳር ድንች ይዛልኝ ትመጣለች። ትቀመጥና "እስቲ ያንን አሰሚኝ" ትለኛለች። ተቀምጬ እዘምርላታለሁ። እኔ አመሰግናለሁ፤ እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በራሷ ቋንቋ ትለምናለች። አንዳንዴ መሐል ላይ ድካም ይጥለንና ሳንጨርሰው ስኳር ድንቱን እንልጣለን። እንዲህ ማድረግ ከጀመርን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው።

ባለፈው ወር ከአረብ አገር የተመለሰች አንዲት ልጅ ቤት መዝሙሩ ሲዘመር ቆይቼ ሰው ሲቀንስ ጠጋ አልኳትና ስለ ሁለቱ ጠየቅኳት። እጄን ይዛ "እናቴ፣ ብዙ ነን'ኮ። ምን ዓይነት ናቸው? ምልክት አላቸው?" አለችኝ። ነገርኳት። አላየቻቸውም። ግን የጠየቀችኝ ልክ ነበር፤ ሰው ምልክት ካልተነገረው እንዴት ያውቃል? ሰንበት ትምህርት ቤት ላይ በማይክራፎኑ መናገር የነበረብኝ ያንን ነበር። ያነሣሣኝን ለጠየቀችኝ ወጣት መልሴ ይኸው።

የእኔዋ ረዘም ያለች ናት፤ በቀኝ እጇ አንጓ ላይ በልጅነቷ የከሰል ካውያዬ ያቃጠላት ጠባሳ አለ። ጓደኛዋ አጠር ብላ የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው፤ ስትናገር ኦሮምኛና አደርኛ ከአማርኛ ትቀላቅላለች። ምንም ሳይሰጣቸው ያመሰግናሉ፤ አንዷ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አንዷ ሹክረን። ያያችኋቸው ካላችሁ፣ ወይም ያየ ሰው የምታውቁ ካላችሁ፣ ኤረር በር ስኳር ድንች ለምትሸጠው ሴት ወይም ለእኔ ንገሩን። አንዷን ብቻ ያያችሁ ብትሆኑም ንገሩን። ወሬው ክፉ ቢሆንም ንገሩን።